ለጨዋታ ነው ማለት ያቃተኝ ላፕቶፕ

ላፕቶፔ የሞተው እሑድ ነው፤ እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው። ከሥራ ገብቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሻይ ቀድቼ ቁልፉን ስጫነው አንዴ አቃሰተና ጨለመ። ደግሜ ተጫንኩት። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። ገልብጬ ከታች መታ መታ አደረግሁት፤ ድሮ ሬዲዮ እንዲህ ሲደረግ ይነሣ ነበር። ምንም። ሻዩን ትቼ ቁጭ አልኩ።

ሰው ቢሰማ ይስቃል። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ጢሙ የሸበተ፣ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲደረድር የሚውል ሰው፣ ኮምፒውተር ተበላሸ ብሎ ሆዱ ሲባባ! ጉድ በል ጎንደር! ግን ከልጄ ጋር የምንገናኘው በዚያ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። እሱ ከሌለ እሷም የለችም፤ ያስፈራኝ ይኸው ነው።

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጋር ከተለያየን ስምንት ዓመት ሆነን። እነሱ ደቡብ፣ አሽቀሎን ናቸው፤ እኔ እዚህ ሰሜን፣ አፉላ ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ የሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ። ትንሽ ሳለች በየሁለት ሳምንቱ ለሰንበት ትመጣ ነበር። ባቡር ጣቢያ ሄጄ እቀበላታለሁ፤ ቦርሳዋን ነጥቄ እሸከማለሁ፤ መንገዱን ሙሉ ስታወራ አታርፍም። ስታድግ ፈተናው በዛ፣ ጓደኛው በዛ፣ ልደቱ በዛ። መምጣቷ ወር ይዘል ጀመር፤ ከዚያ ሁለት ወር። ስልክ ስደውል ደግሞ የምትለኝ ሁለት ቃል ናት።

«እንዴት ነሽ ልጄ?»

«ባሴደር።» ደህና ማለቷ ነው።

«ትምህርትስ?»

«ባሴደር።»

«ዛሬ ምን ሠራሽ?»

«ምንም።»

ይህን ባሴደር የሚባል የዕብራይስጥ ቃል የጠላሁትን ያህል የጠላሁት ነገር የለም። በሩን ዘግቶ ቁልፉን ይዞ የሚሄድ ቃል ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ይጠየቃል? አንዳንዴ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን «ባሴደር! ባሴደር!» እያልኩ ቤት ውስጥ እዞራለሁ፤ የሚሰማኝ ቢኖር አብዷል ይለኝ ነበር።

ጨዋታ ውስጥ ያስገባችኝ እሷ ናት። አምና፣ ከመጣችባቸው ጥቂት ሰንበቶች በአንዱ፣ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ «አባ፣ ከኔ ጋር ተጫወት» አለችኝና በዚያ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አንድ ጨዋታ ከፈተችልኝ። ሁለት ሰው በየቤቱ ሆኖ አንድ ሰፊ አገር ውስጥ ይገባል። እንጨት ይቆርጣል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ቤት ይሠራል፣ ያርሳል፣ ከብት ያረባል። መተኮስ የለ፣ መግደል የለ። መጀመሪያ «ኧረ ተይኝ፣ እኔ ሽማግሌ ሰው!» ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ለእሷ ብዬ ተቀመጥኩ። ግማሹን ጊዜ ወንዝ ውስጥ እየወደቅሁ እሷ ነበረች የምታወጣኝ።

አሽቀሎን ከተመለሰች በኋላም ቀጠልን። በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ከራት በፊት፣ እሷ በዚያ እኔ በዚህ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርገን። እናም አንድ ነገር አገኘሁ፤ እጇ ሥራ ሲይዝ አፏ ይፈታል። ግድግዳ እያስነሣች፣ ማገር እያጋደመች፣ ዞር ሳትል «አባ፣ ዛሬ አንዷ ልጅ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» ትላለች። ስልክ ብደውልላት በዓመት የማልሰማውን በአንድ አጥር ሥራ ሰማሁ። ክፍል ውስጥ በቆዳዋ ቀለም የሰደበቻትን ልጅ፣ ሒሳብ የሚያስለቅሳት መሆኑን፣ ማንም እንዳያያት ሽንት ቤት ገብታ ማልቀሷን። እኔ አልመክርም፣ አልቆጣም፤ ስንዴዬን እየዘራሁ «እህ… ከዚያስ?» እላለሁ። በመሀል ደግሞ «አባ፣ ይሄ ምን ይባላል?» ትላለች። «ጎተራ።» «ይሄስ?» «በረት።» ወዲያው «አባ! በረቱን ክፍት ተውከው፣ ላሞቹ ሄዱ!» ብላ ትጮህብኛለች። እንዲህ ያለ ጩኸት ይባረክ።

እና ያ ላፕቶፕ ሞተ።

ሰኞ ዕለት ስልክ ደውላ «ለምን አልገባህም?» ስትለኝ «ኢንተርኔቱ ተበላሽቶ ነው» አልኳት። ለምን ዋሸሁ? እውነቱን ብነግራት ለእናቷ ትነግራለች። እናቷ ደግሞ «እኔ ልግዛለት» ትላለች፤ ትላለችም፣ ታደርገዋለችም። ደግ ሴት ናት። የሷ ደግነት ነው የሚያስፈራኝ። ጥላኝ ከሄደች ሴት ላፕቶፕ ተቀብዬ ደግሞ በምን ዓይኔ ላያት ነው?

ረቡዕ ማታ ልጄ እንደገና ደወለች።

«አባ፣ አሁንም አልተሠራም?»

«ይሠራሉ ብለዋል። ነገ፣ ከነገ ወዲያ።»

«እሺ። የክፍሌ ልጆች ጨዋታው ውስጥ አዲስ አገር ከፍተዋል። ነይ እያሉኝ ነው። ቅዳሜ ሰንበት ሲወጣ አንተ ካልገባህ ከነሱ ጋር እጀምራለሁ። አታስብ አባ፣ ባሴደር።»

አታስብ ስትለኝ ነው ማሰብ የጀመርኩት። ከልጆቹ ጋር መጫወቷ ደስ ሊለኝ በተገባ፤ ጓደኛ ማግኘቷ አይደል? ግን አውቃለሁ። አንዴ ከነሱ ጋር ከጀመረች ለኔ ጊዜ አይተርፋትም፤ እኛም ወደ ስልኩ ሁለት ቃል እንመለሳለን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? ስፈራ የኖርኩት ነገር ቀን ቆርጦ መጣ።

ሐሙስ በሥራ ዕረፍት ሰዓት፣ ሌላው ሲጋራውን ሲያጨስ፣ እኔ ጥግ ይዤ ስልኬ ላይ ላፕቶፕ የሚያስመርጡ ሰዎችን ሳዳምጥ ቆየሁ። አንዱ ይህን ግዙ ይላል፤ ሌላው ይህንኑ የገዛ ገንዘቡን ጣለ ይላል። ሁሉም የሚያባርራቸው ያለ ይመስል በጥድፊያ ነው የሚያወሩት። ቆሽቴ እያረረ፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ እየሰማሁ፣ የገባኝን በካርቶን ቁራጭ ላይ በአማርኛ ጻፍኩ። ሜሞሪው አሥራ ስድስት ጊጋ ይሁን፤ ስምንት ከሆነ ጨዋታው ይንፏቀቃል። ግራፊክስ ካርዱ ለብቻው የተቀመጠ ይሁን፤ ጨዋታውን የሚስለው እሱ ነው፣ ለቢሮ የሚሠሩት ቀጫጭኖች ይህ የላቸውም፣ ያ አሮጌዬ ግን ነበረው። የአምና ሞዴል ቢሆን አትናቀው፣ ይረክሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሰውዬ ደጋግሞ ያለው ነገር ነበር፤ ሻጩ ለምን እንደምትፈልገው ሲጠይቅህ እውነቱን ንገረው። እሱን እንኳ አልጻፍኩትም። ምን ይጻፋል፣ ማን ይዋሻል ብዬ!

የኮምፒውተር ሱቁ መሀል ከተማ ነው። ከሥራ በቀጥታ አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። በልቤ ዕብራይስጡንም አማርኛውንም እየደጋገምኩ ገባሁ። ሻጯ የኛው ልጅ ሆና አገኘኋት፤ ሹሩባ የተሠራች፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት የሚሆናት፣ አማርኛዋ የሚጥም። እሰይ አልኩ። ከዚያ ዓይኔን ዘወር ሳደርግ እሰይ ያልኩበትን አፌን መዝጊያ አጣሁ። ጥግ ላይ ባለው ወንበር አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

እኚህ ሽማግሌ ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። በጸሎት ቤታችን ከፊት የሚቀመጡ፣ አፉላ ውስጥ ካለን ሰዎች መሀል ቃላቸው የማይታለፍ ሰው ናቸው። እኔና ባለቤቴ ልንለያይ ስንል ቤታችን ድረስ መጥተው ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሽምግልና የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ያን ቀን «ከልጅ ጋር ልጅ ይሆናል፤ መሬት ላይ ተንጋሎ ሲጫወት ይውላል፤ ቤቱን ብቻዬን ነው የተሸከምኩት» አለች። ሐሰት አልነበረም። እሳቸውም በሰው ሁሉ ፊት «አንተ ሰው፣ ቁም ነገር ጎድሎሃል» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር ሰላምታቸው ሙሉ ነው፤ እኔ ግን ዓይናቸውን ማየት ያቅተኛል።

«ጋሼ፣ ምን ልርዳዎት?» አለች ልጅቷ።

«ላፕቶፕ ነበር የምፈልገው።»

«ለምንድን ነው የሚፈልጉት?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ስልካቸውን ለጥገና ሊሰጡ መጥተው ኖሯል፤ ሥራ ፈተው ወሬ የሚጠብቁ ይመስላል። እኔም ሃምሳ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ሰው አፍ፣ ቁም ነገር ጎድሎሃል ባሉኝ ሰው ፊት፣ «ለጨዋታ ነው» ልል? ምን ቆርጦኝ!

«ለ… ለሥራ» አልኩ። «ለደብዳቤ። ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ።»

«ጎበዝ!» አሉ ሽማግሌው ከጥግ። «ልትማር ነው እንዴ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ይሉኝታ አንዴ ከያዘህ ግን በአንድ ውሸት አይለቅህም። «አዎ አባባ፣ ኮርስ ልጀምር ነው» አልኩ።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ትምህርት ዕድሜ የለውም። እግዚአብሔር ያቅናልህ፣ ሥራህን ይባርክልህ፣ ያሰብከውን ያሳካልህ!» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። በውሸት ላይ አሜን ማለት እንዴት እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል።

ልጅቷ ቀጭን፣ ብርማ፣ ቀላል ላፕቶፕ አውጥታ ከፈተችልኝ። «ለኮርስ ከዚህ የተሻለ አያገኙም። ባትሪው ቀን ሙሉ ይውላል። ዋጋውም ደህና ነው።» ከጀርባዋ መደርደሪያ ላይ ግን አንድ ጥቁር፣ ወፍራም አየሁ። የአምና ሞዴል ነው የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ዋጋው ከብርማው እምብዛም አይርቅም። አሥራ ስድስት። ካርዱ ለብቻው። ካርቶኔ ላይ የጻፍኩት ነገር በሙሉ እዚያ ቆሟል።

«ያ… ያኛውስ?» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የቱ? እሱ? እሱ ይቅርብዎት ጋሼ፣ የጨዋታ ነው። ልጆች ናቸው የሚገዙት። ይከብዳል፣ ይግላል።»

«ካርዱ… ለብቻው ነው አይደል?»

«ለደብዳቤ ካርድ ምን ያደርግልዎታል?» ብላ ሳቀች። ሽማግሌውም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ብርማውን ገዛሁ።

አውቶቡስ ውስጥ ሳጥኑን ታቅፌ ራሴን ሳጽናና ሄድኩ። ምናልባት ይሠራል። አዲስ አይደል? ከአሮጌው እንዴት ያንሳል? እነዚያ ስልክ ውስጥ የሚለፈልፉ ሰዎች ሁሉ ሊያጋንኑ ይችላሉ። ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ሳጥኑን ቀደድኩ፣ ጨዋታውን ጫንኩ፣ ከፈትኩ።

ሰማዩ መጣ። ከዚያ ቆመ። ቆይቶ የቤታችን ጣሪያ መጣ፣ ግድግዳው የለም። አንድ እርምጃ ልራመድ ስጫን ሰውዬዬ እግሩን አንሥቶ እዚያው ደረቀ። ከታች ማራገቢያው ያጓራል። በሩን ከፍቼ ልገባ ስል ተዘጋ፤ ጨዋታው በሙሉ ተዘጋ። እንደገና ከፈትኩ። ሥዕሉን አሳነስኩ፣ ሣሩን አጠፋሁ፣ ውሃውን አጠፋሁ፤ አገሩን ሁሉ ራቁቱን አስቀረሁት። ሦስት እርምጃ ሄጄ ተዘጋ። ደሜ ፈላ፤ በልጅቷ አይደለም፣ በሽማግሌውም አይደለም፣ በዚህ በገዛ አፌ።

ስልኬ ጮኸ።

«አባ! ኢንተርኔቱ ተሠራ? ጨዋታው ውስጥ ስምህ ወጣ፣ ከዚያ ጠፋ፣ ወጣ፣ ጠፋ!» ድምፅዋ ደስታ ነበረው። የጎዳኝ እሱ ነው።

«አልተሠራም… ማለቴ… ኢንተርኔቱ መጀመሪያም አልተበላሸም።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። የአሮጌውን መሞት፣ ካርቶኑን፣ ሱቁን፣ ሽማግሌውን፣ ኮርሱን፣ ምርቃቱን። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ እኔ ብሆን እስቅ ነበር።

«ቆይ» አለች። «ከኔ ጋር ለመጫወት ነው የገዛኸው?»

«አዎ።»

«ግን እሱን መናገር አልቻልክም።»

«ሽማግሌው ነበሩ እኮ ልጄ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አንቺ አታውቂያቸውም…»

«አባ፣ በኔ ታፍራለህ?»

ያን ጊዜ «አላፍርም» ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል። እኔ ግን ይሉኝታ ምን እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። በኛ አገር የሸበተ ሰው እንዲህ አያደርግም፣ ሰው ምን ይላል፣ ነገሩ በአንቺ አይደለም፣ ትልቅ ሰው ሲኖር ቃል ይመረጣል… እያወራሁ ቃሎቼ እሷ ዘንድ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ሲወድቁ ይሰማኛል። ስጨርስ፣

«ባሴደር» አለች። ዘጋችው።

እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ሲነጋ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሱቁ ለሰንበት በጊዜ ይዘጋል፤ ዛሬ ካልቀየርኩ ቅዳሜ ማታ የለም። ሳጥኑን በተቻለኝ አጣጥፌ አሸግሁት፤ የቀደድኩት ጥግ ግን ይታያል። ለልጄ ደወልኩ፤ አላነሣችም። ደግሜ ደወልኩ። አላነሣችም። አውቶቡሱ ዘገየ፤ ሲመጣም በየማቆሚያው ሰው ከነዘንቢሉ፣ ከነዳቦው፣ ከነአበባው ይጭናል። ሹፌሩ ከአንዲት አሮጊት ጋር ወግ ይዟል። «ኧረ ንዳ!» አልኩ በአማርኛ፤ የሚሰማኝ ስላልነበረ ደግሜ አልኩት።

በመንገዱ ሁሉ አንድ ጸሎት ነበረኝ፤ ሽማግሌው ሳይመጡ ልድረስ። ትናንት ስልካቸውን ነገ ጠዋት ይውሰዱ ሲባሉ ሰምቻለሁ። ደርሼ በመስታወቱ ስመለከት ከዘራው አለ። እሳቸውም አሉ። እዚያው ወንበር ላይ።

መስታወቱ ውጭ ቆምኩ። የስልክ ሽፋን የምመርጥ መስዬ ቆምኩ። ሲወጡ እገባለሁ አልኩ። ውስጥ ወረፋ አለ፤ ልጅቷ ለአንድ ወታደር ገመድ እያወጣች ነው፤ ሽማግሌው ለመነሣት የቸኮሉ አይመስሉም። ሳጥኑ ብብቴ ውስጥ በላብ ራሰ። ያኔ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት።

«የት ነህ?» አለች፣ ያለ ሰላምታ።

«ሱቁ በር ላይ።»

«ለምን በር ላይ?»

«ሽማግሌው ውስጥ አሉ። ሲወጡ እገባለሁ።»

«ሱቁ መቼ ነው የሚዘጋው?»

«…ትንሽ ቆይቶ።»

ትንፋሽዋ ይሰማኛል። ይህን ጊዜ ባሴደር ብላ ከዘጋችው አለቀ፤ ቅዳሜም አለቀ፣ ሌላውም አለቀ።

«አባ» አለች። «ድምፄ ለሁሉም እንዲሰማ አድርግና ግባ። እኔ እመርጥልሃለሁ።»

ስልኩን እንዳለችኝ አድርጌ በአንድ እጄ፣ ሳጥኑን በሌላው ይዤ ገባሁ።

«ኧረ ተማሪው መጣ!» አሉ ሽማግሌው። «ኮርሱ እንዴት ነው? ጀመርክ?»

ብሸሽ በር ቅርብ ነው። «አባባ» አልኩ፣ «ኮርስ የለም። ትናንት ዋሽቻለሁ። ላፕቶፑን የፈለግሁት ለጨዋታ ነው። ከልጄ ጋር የምጫወትበት።»

ሱቁ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ከሁለት ሰው በላይ አልነበረም፤ ለኔ ግን አገር ሙሉ የሰማኝ መሰለኝ። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ «ውይ ጋሼ! ትናንት አይነግሩኝም ነበር!» አለች። ሽማግሌው ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

ከስልኩ ልጄ በዕብራይስጥ ጀመረች። ጥያቄዋ ተከታታይ ነው፤ ካርዱ የትኛው ነው፣ ሜሞሪው ስንት ነው፣ ቢግል ምን ያህል ይግላል፣ የተከፈተ ሳጥን ትቀበላላችሁ ወይ። ሻጯ መልስ ስትሰጥ ላብ አላባት። ጥቁሩ ትናንት ማታ ተሽጧል ስትል ዓይኔ ጨለመብኝ። ቆይታ ግን ለዕይታ የተቀመጠ ያው ዓይነት አንድ እንዳለ፣ ክዳኑ ስለተቧጨረ እንደሚረክስ ነገረችን፤ ብርማውንም፣ ሳጥኑ ስለተቀደደ ትንሽ ተቆርጦበት፣ በምትኩ ትወስደዋለች።

«መቧጨሩ ምን ያደርጋል፣ አባ» አለች ልጄ በአማርኛ። «የሚሠራው ውስጡ ነው። ውሰደው።»

ሽማግሌው አማርኛውን ሲሰሙ ቀና አሉ። «ማን ናት?»

«ልጄ ናት አባባ።»

«ያቺ ትንሿ? አሽቀሎን የሄደችው?» ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «እንደምን ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን ነዎት?» አለች።

«እግዜር ይስጥሽ! የኔ የልጅ ልጆች በዕብራይስጥ ‹ሻሎም› ብለው ነው የሚያልፉኝ። ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ። ስንጫወት።» ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። እርስዎ ማለቱም ጠፋት። «አባባ፣ አንተ ነህ ድሮ ቤታችን መጥተህ አባቴን የተቆጣኸው?»

ስልኩን ልዘጋው እጄን አነሣሁ። ሽማግሌው በመዳፋቸው ከለከሉኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ተኝታለች ብላችሁ ነበር። በሩ ጀርባ ነበርኩ። ከኔ ጋር ሲጫወት እንደሚውል ስትናገሩ ሰማሁ። እሱ ምንም አልመለሰም።» እያለቀሰች ነበር። «አሁን አትቆጣው። ተጫወት ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔም እኔ ነኝ ያልኩት።»

ስምንት ዓመት። ስምንት ዓመት ሙሉ አባትና እናቷ በሷ የተነሣ እንደተለያዩ ስታስብ ኖራለች ለካ፤ እኔ አባት ተብዬው ደግሞ ባሴደር በሚል ቃል እበሳጫለሁ። «አንቺ አይደለሽም» አልኩ። «ልጄ፣ ስሚኝ፣ አንቺ አይደለሽም። ደግሞም አላፍርብሽም።» ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ ወታደሩ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

ሽማግሌው ወደ ስልኩ ቀረቡ። «አልቆጣውም ልጄ» አሉ። «ያን ቀን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ልጅ ቤት ውስጥ መኖሯን መጠየቅ ነበረብኝ።» ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ሻጯ ዞሩ። «ወንበሩን ስጪው» አሏት።

ተቀመጥኩ። የተቧጨረውን ላፕቶፕ ጭኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ፣ እሷም በዚያ በኩል እያለቀሰች።